ትርጉሙ ይደርሳል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ልጆች የመኝታ ሰዓት ስጽፍ፣ በተማርኩባት በሕንዷ በቪሻካፓትናም ከተማ አከራዬ የነበሩት አያት ለልጅ ልጆቻቸው ጸሎትና ራማያና የሚባለውን ጥንታዊ የሕንድ የጀግንነት ታሪክ እንዴት ያስተምሩ እንደነበር በሁለት ዓረፍተ ነገር ጠቅሼ አልፌ ነበር። ስለ ቀሪው ጽሑፌ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ስለ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ግን ደብዳቤ ጎረፈልኝ። ስለዚህ የዚህን ወር ገጽ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። እኔ ሂንዱ አይደለሁም። በአንድራ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ተማሪ ሳለሁ ቴሉጉ የሚባለውን የአካባቢውን ቋንቋ በሚናገር ቤተሰብ ቤት ፎቅ ላይ ተከራይቼ፣ ከምድር ቤቱ በየማታው የሚባለውን እየሰማሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። የምመልሰውም ከዚያ በመነሣት ነው።

እትዬ፣ ዱባይ ውስጥ በአንድ የሕንድ ቤተሰብ ቤት ልጆች እጠብቃለሁ። ትልቁ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ አራት። እናታቸው ማታ ስለምትሠራ፣ ሳይተኙ በፊት ጸሎታቸውን ማለታቸውን እንድከታተልላት አደራ ብላኛለች። «ራማም ስካንዳም ሃኑማንታም» ብሎ የሚጀምር ነው። ሲሳሳቱ ቀና ብለው እኔን ያዩኛል። ትልቁ ደግሞ «ሃኑማን እውነት ፀሐይን ሊበላ ነበር?» ይለኛል። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ። የማላውቀውን አብሬ ማለቱ ይከብደኛል፤ ዝም ማለቱም ይከብደኛል። ምን ላድርግ?
ስሜ ይቆይ፣ ከዱባይ

እኅቴ፣ መጀመሪያ የሚሉትን ልንገርሽ። ጸሎቱ ሁለት መስመር ብቻ ነው። «ራማም ስካንዳም ሃኑማንታም ቫይናቴያም ቭሪኮዳራም» የአምስት ስም ጥሪ ነው። «ሻያኔ ያህ ስማሬን ኒትያም፣ ዱህስዋፕናም ታስያ ናሽያቲ» ሲሉ ደግሞ፣ ሲተኛ እነዚህን ሁልጊዜ የሚያስብ ሰው ክፉ ሕልሙ ይጠፋል ማለታቸው ነው። ጨለማ ለሚፈራ ልጅ የሚስማማ ጸሎት ነው፤ በአከራዬም ቤት ይባል ነበር።

አምስቱን ብታውቂያቸው የልጁ ጥያቄ ግማሹ ይቀልልሻል። ራማ የአዮድያ ልዑል ነው፤ የራማያና ታሪክ የእርሱ ነው። ስካንዳ የአምላኩ የሺቫ ልጅ፣ የአማልክት ሠራዊት አዝማች ነው፤ በፒኮክ ላይ ተቀምጦ ይሳላል። ሃኑማን ለራማ ያደረው ዝንጀሮ፣ የነፋስ ልጅ ነው። ቫይናቴያ የሚሉት ጋሩዳን ነው፤ ቪሽኑ የሚባለው አምላክ የሚቀመጥበት ታላቅ ንስር ነው። ቭሪኮዳራ ደግሞ ቢማ ነው፤ ማሃባራታ በሚባለው ሌላው ታላቅ የሕንድ ታሪክ ካሉት አምስት ወንድማማቾች ሁለተኛው፣ እጅግ ብርቱና እጅግ በላተኛ። ቢማም የነፋስ ልጅ ስለሆነ ከሃኑማን ጋር በአባት ወንድማማች ናቸው። ይህን ለትልቁ ልጅ ብትነግሪው፣ ቢማ በጫካ መንገድ ላይ አንድ የተኛ ሽማግሌ ዝንጀሮ አግኝቶ «ጅራትህን አንሣልኝ፣ ልለፍ» ሲለው፣ «አርጅቻለሁ፤ አንተው አንሥተህ እለፍ» እንዳለውና ጉልበተኛው ቢማ ጅራቷን ከመሬት ማላቀቅ እንዳቃተው ምናልባት እርሱ ራሱ ያጫውትሻል። ሽማግሌው ዝንጀሮ ማን እንደነበር መቼም ገምተሻል።

ወደ ፀሐዩ እንምጣ። በጥንቱ ገጣሚ በቫልሚኪ ራማያና እንደሚተረከው፣ ሕፃኑ ሃኑማን ማለዳ የወጣችውን ፀሐይ የበሰለ ፍሬ መስላው ሊይዛት ወደ ሰማይ ዘለለ። የአማልክት ንጉሥ ኢንድራ በመብረቁ አገጩን መትቶ ጣለው። አባቱ ነፋስ ተቆጥቶ ከዓለም ሁሉ ራሱን ሰበሰበ፤ ፍጥረት ትንፋሽ አጠረው። አማልክቱ ደንግጠው ሕፃኑን አዳኑት፣ እያንዳንዳቸውም ኃይል ሰጡት። ኃይል ያገኘ ሕፃን ምን ያደርጋል? የባሕታውያኑን ዕቃ እየሰባበረ አስቸገረ። እነርሱም «ሌላ ሰው እስኪያስታውስህ ድረስ ብርታትህን እርሳ» ብለው ረገሙት። ዓመታት አልፈው፣ አሥር ራስ ያለው ራቫና የራማን ሚስት ሲታን ከባሕር ማዶ ወደ ላንካ ወስዷት ዝንጀሮዎቹ ሁሉ በባሕር ዳር ቆመው ማን ይሻገራል ሲባል፣ ሃኑማን ራቅ ብሎ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌው ድብ ጃምባቫን ነው «አንተ እኮ ሕፃን ሳለህ ወደ ፀሐይ የዘለልህ ነህ» ብሎ ያስታወሰው። የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ታሪክ የሚወድበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ማብራሪያ አትጨምሪበት።

«እውነት ነው?» ሲልሽ «ታሪኩ እንዲህ ይላል» በይው። ይህ ውሸትም አይደለም፣ ማፌዝም አይደለም። ከዚያ «አንተ ምን ትላለህ?» ብለሽ መልሺለት። ስለ ሃይማኖቱ የሚነግሩት ወላጆቹ ናቸው። «ይህ ጣዖት ነው» ማለት የለብሽም፤ በስውር የራስሽን ጸሎት ማስለመድም እንዲሁ የለብሽም። ልጁ በአደራ የተሰጠሽ ነው፤ የሰው አደራ እንዴት እንደሚጠበቅ ለአገሬ ልጅ አልነግርም።

አብረሽ ማለት ስለመቻልሽ ነፍስ አባትሽን ጠይቂ፤ እኔ የማዝዝበት ጉዳይ አይደለም። ልጆቹ የሚፈልጉት ግን ሰሚ እንጂ ሁለተኛ አንባቢ አይመስለኝም። ለእናታቸው በቀጥታ «አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ እሰማቸዋለሁ፤ የእኔ ጸሎት ግን ሌላ ነው» በያት። ስሕተት ማረም ካስፈለገ እናትየው በራሷ ድምፅ በስልክሽ ላይ ቀድታ ትተውልሽ፤ ልጆቹም ከማንም ድምፅ የእናታቸውን ይመርጣሉ። ቅር ትላለች ብለሽ አትፍሪ። እኔ በክፍሌ ግድግዳ ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅዬ ነበር። አከራዬ አንድ ቀን አይተው ምንም ሳይሉ ወጡ፤ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሥዕሉ ሥር የጃስሚን አበባ ተቀምጦ አገኘሁ። አልጠየቅኳቸውም፣ አበባውንም አላነሣሁትም።

በበዓል ቀን ልጆቹን ይዘሽ ጀበል ዓሊ ወዳለው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደተከፈተው ቤተ መቅደስ አብረሽ እንድትሄጂ ቢጠይቁሽ፣ ጫማ በር ላይ እንደሚወለቅ እወቂ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ባለቤቴ የሃይደራባድ ሰው ነው፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ልጃችን አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። አማቴ በስልክ ቪዲዮ በጥንቱ የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ጸሎት ያስተምሯታል። ልጅቷ እንደ ጅረት ታወርደዋለች፤ አንዲት ቃል ግን አይገባትም። ወንድሜ «ሳይገባት መለፍለፍ ምን ይጠቅማታል?» ይለኛል። ጥሪውም የሚመጣው ማታ ስለሆነ አማቴ እንቅልፍ እያዳፋቸው ነው። ደግሞ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ባሳራ ወደሚባል ቦታ መወሰድ አለባት ይላሉ። ምን ይመክሩኛል?
የአንድ ልጅ እናት፣ ከአዲስ አበባ

ለወንድምሽ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቢለት፦ የኔታ ዘንድ ሀሁ ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ መልእክተ ዮሐንስን አልፎ ዳዊት የደገመ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ግእዙ ገብቶት ነበር? አልገባውም። ግን ድምፁን፣ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ ያዘው። በቁጥር ንባብ፣ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ እየተመላለሰ ጆሮው ውስጥ ተቀመጠ። ትርጉሙ ኋላ ሲመጣ የሚያርፍበት ቦታ አገኘ።

ሕንዶች ይህን ነገር ከማንም በላይ አርቅቀውታል። ቬዳ የሚባሉት ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍታቸው በጽሑፍ ከመስፈራቸው በፊት ለብዙ ዘመን በቃል ብቻ ሲተላለፉ አንዲት ድምፅ እንዳትዛነፍ የተሠራ ስልት አለ። ተከታታይ ቃላትን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብንላቸው፣ ክራማ በሚሉት ስልት ተማሪው «ሀለ፣ ለሐ፣ ሐመ» እያለ ይሄዳል። ጃታ በሚባለው «ሀለ፣ ለሀ፣ ሀለ» እያለ ወደፊትና ወደኋላ ይመላለሳል። ጋና የሚባለው ደግሞ «ሀለ፣ ለሀ፣ ሀለሐ፣ ሐለሀ፣ ሀለሐ» ይላል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቃል። አንድ ቃል ቢጠፋ ወይም ቦታውን ቢለቅ ወዲያው ይታወቃል። ዩኔስኮ የቬዳ ዜማን በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ይህ በርግጥ ለካህንነት የሚያድጉ ልጆች ትምህርት ነው፤ ልጅሽ ይህን ሁሉ አይጠበቅባትም። ቢሆንም አማትሽ «ድገሚ፣ አሁንም ድገሚ» ሲሏት ከየት እንደመጣ አውቀሽ ትታገሺያቸዋለሽ።

የቤት ልጅ ጸሎት አጭር ነው፤ ሁለት መስመር ወይም አራት። ጥሩነቱ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱ ሰዓትና የራሱ ሥራ ያለው መሆኑ ነው። አከራዬ ጸሎትን ከሥራው ነጥለው አያስተምሩም ነበር። ማለዳ ልጁ ዐይኑን እንደገለጠ ሁለቱን መዳፎቹን ከፊቱ ይዘረጋል። «ካራግሬ ቫሳቴ ላክሽሚ፣ ካራማድዬ ሳራስዋቲ፣ ካራሙሌ ቱ ጎቪንዳ፣ ፕራባቴ ካራዳርሻናም።» በጣቶቼ ጫፍ ላክሽሚ፣ በመዳፌ መካከል ሳራስዋቲ፣ በእጄ ሥር ጎቪንዳ ይኖራል፤ በማለዳ እጅን ማየት ይገባል። ላክሽሚ የሀብት፣ ሳራስዋቲ የእውቀት አማልክት ናቸው፤ ጎቪንዳ የቪሽኑ ስም ነው። ልጁ እያለ ያያል፤ ጫፉን፣ መካከሉን፣ ሥሩን። ይህን የሚያስረዳ መምህር አያስፈልግም።

ደብተር ከመከፈቱ በፊት የሳራስዋቲ ጸሎት አለ፦ «ሳራስዋቲ ናማስቱብያም፣ ቫራዴ ካማሩፒኒ፣ ቪድያራምባም ካሪሽያሚ፣ ሲዲር ባቫቱ ሜ ሳዳ።» የእውቀት እመቤት ሆይ ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ትምህርቴን ልጀምር ነው፣ ሁልጊዜ ይሳካልኝ። ማንኛውም ነገር ሲጀመር ደግሞ የዝሆን ራስ ላለው አምላክ ለጋኔሻ የሚባለው «ቫክራቱንዳ ማሃካያ» አለ። ኩምቢው የታጠፈ፣ ገላው ግዙፍ፣ ብርሃኑ የአሥር ሚሊዮን ፀሐይ የሆንህ፣ በሥራዬ ሁሉ መሰናክሉን አንሣልኝ ይላል። አሥር ሚሊዮን ፀሐይ ሲባል የማይደነቅ የአምስት ዓመት ልጅ የለም። እነዚህ ሦስት ለዓመት ይበቃሉ። ጋያትሪ ማንትራ የሚሉትን ቸኩለሽ አትጠይቂ፤ በሪግቬዳ ያለ፣ ለፀሐይ አምላክ ለሳቪትሪ የሚቀርብ ባለ ሃያ አራት ክፍለ ቃል ጸሎት ነው። በጥንቱ ሥርዓት ወንዱ ልጅ የተቀደሰው ክር ሲታሰርለት የሚቀበለው ነበር፤ ዛሬ ሴት ልጆችም በሰፊው ይሉታል። መቼና እንዴት የሚለውን ለአማትሽ ተዪላቸው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ልማድ አለው።

ሁለት ነገር ግን አጥብቄ እከለክልሻለሁ። አንደኛ፣ በመካከል አታቋርጪያት፤ ስሕተቷን ከጨረሰች በኋላ አንቺ ወይም አባቷ በትክክለኛው አሰምታችሁ እለፉ። ሁለተኛ፣ እንግዳ ሲመጣ «ነይ እስቲ የአያትሽን በይላቸው» አትበያት። ጸሎት እንደ ትርኢት የቀረበ ቀን ልጁ ጭብጨባ ይጠብቃል፤ ጭብጨባ የሌለበት ማለዳ ደግሞ ትርጉም ያጣበታል። ይህን በሕንድም አይቻለሁ፣ በአገራችንም አይቻለሁ፤ በሁለቱም ቦታ አስጠልቶኛል።

የሰዓቱ ነገር ቀላል ነው። ሃይደራባድ ከአዲስ አበባ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። እናንተ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ስትደውሉ እዚያ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ አሮጊት ሴት ማንቀላፋታቸው ምን ይገርማል። እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደውሉ። እዚያ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ገላቸውን ታጥበው፣ መብራታቸውን አብርተው፣ ቡናቸውን ጠጥተው ይጠብቋችኋል።

ስለ ባሳራ፦ በጎዳቫሪ ወንዝ ዳር ያለ የሳራስዋቲ ቤተ መቅደስ ነው፤ የቴሉጉ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ፊደል ለማስጀመር ይሄዱበታል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ልጁ በአባቱ ወይም በእናቱ ጭን ይቀመጣል፤ በሳሕን ላይ ሩዝ ይነጠፋል፤ ትልቅ ሰው ጣቱን ይዞ በሩዙ ላይ የመጀመሪያውን ቃል ያጽፈዋል። በቴሉጉዎች የቆየው ቃል «ኦም ናማሃ ሺቫያ፣ ሲድዳም ናማሃ» ነው። በደቡብ ሕንዷ ግዛት በኬረላ ደግሞ «ሃሪ ሽሪ ጋናፓታዬ ናማሃ» ያጽፋሉ፤ በምላሱም ላይ በወርቅ ቀለበት ይጽፉለታል። ባሳራ መሄድ መልካም ነው፤ ግን ቤት ውስጥ በቪጃያዳሻሚ ወይም በቫሳንታ ፓንቻሚ በዓል ቀን አያት ባሉበት የሚያደርጉም ብዙ ናቸው። አማትሽ በስልክ እየመሩ ባለቤትሽ የልጅቷን ጣት ቢይዝ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም። በዚያው ሳሕን ላይ አንቺ ደግሞ «ሀ» ብታስጽፊያት ማንም አይቆጣሽም።

የተከበሩ አዘጋጅ፣ በጃንሆይ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሒሳብ መምህራችን ሕንዳዊ ነበሩ። አንገታቸው ላይ መስቀል ነበረ፤ ዓርብ ዓርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ግን የማሃባራታን ታሪክ ይተርኩልን ነበር። አሁን እኔ ለልጅ ልጆቼ እተርካለሁ። ችግሬ ታሪኩ ጨካኝ ነው። የኤካላቭያን አውራ ጣት፣ የድራውፓዲን ውርደት፣ የሲታን በእሳት መፈተን ለልጅ እንዴት ይነገራል? ትንሹ ባለፈው አልቅሶ አደረ።
ጡረተኛ መምህር፣ ከጅማ

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መምህርዎ የኬረላ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም፤ በዚያ ዘመን ወደ አገራችን ከመጡት የሕንድ መምህራን ብዙዎቹ የኬረላ ክርስቲያኖች ነበሩ። መስቀልና ማሃባራታ በአንድ ሰው ላይ መገኘታቸው ለእነርሱ እንግዳ አይደለም፤ ሩዝ ላይ የማስጻፉን ሥርዓት እንኳ በኬረላ አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ያደርጉታል።

ማሃባራታ አንድ መቶ ሺህ ያህል ጥቅስ ያለው ባሕር ነው፤ ራማያና ሃያ አራት ሺህ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለትንሹ የሚሆነውን መርጦ ማስቀደም የተራኪው ሥልጣን ነው፤ እርስዎም አለዎት። ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ሽኮኮዋ ትበቃለች። ራማ ወደ ላንካ ድልድይ ሲያሠራ ዝንጀሮዎቹ ቋጥኝ ሲሸከሙ፣ እርሷ በአሸዋ ላይ እየተንከባለለች በፀጉሯ የያዘችውን አሸዋ ታራግፍ ነበር። ራማ አንሥቶ ጀርባዋን ሲዳብሳት የጣቶቹ ምልክት ሦስት መስመር ሆኖ ቀረ። ይህ ታሪክ በቫልሚኪ ውስጥ የለም፤ የአያቶች ነው። አንድ ሰው መጽሐፍ ይዞ መጥቶ «የለም» ቢልዎት «ባይኖርም አለ» ይበሉት። ካምባን በታሚል፣ ቱልሲዳስ እ.ኤ.አ. ከ1574 ጀምሮ በአዋዲ ቋንቋ፣ እያንዳንዱ የራሱን ራማያና ነው የጻፈው።

ለዚሁ ዕድሜ ጋኔሻ አለ። ሺቫና ፓርቫቲ ለሁለቱ ልጆቻቸው ዓለምን ቀድሞ ለዞረ ፍሬ እንሰጣለን ሲሉ ወንድሙ በፒኮክ በረረ፤ ወፍራሙ ጋኔሻ አባትና እናቱን ዞሮ «ዓለሜ እናንተ ናችሁ» ብሎ ፍሬውን ወሰደ። አከራዬ ግን ከሁሉ አብልጠው የሚተርኩት የዝሆኑን ነበር። በቴሉጉ ገጣሚው በፖታና የተተረከ ነው። ዝሆኑ ውሃ ሲጠጣ አዞ እግሩን ያዘው፤ ዘመን እስኪያልፍ ታገሉ፤ ዝሆኑ ደክሞት ኩምቢውን ወደ ሰማይ አንሥቶ ተጣራ። ቪሽኑ ጥሪውን ሲሰማ ለሚስቱ ሳይነግር፣ መሣሪያውን ሳያነሣ፣ ሎሌ ሳይጠራ፣ በጨዋታ መካከል የያዘውን የሚስቱን የነጠላ ጫፍ እንኳ ሳይለቅ ተነሥቶ ሮጠ። ላክሽሚ በነጠላዋ እየተጎተተች ስትከተል የቤቱ ልጆች በሳቅ ይንከባለሉ ነበር። አምላክ በሩጫ የሚመጣበት ታሪክ ነው፤ ሕፃን ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ሰባት ስምንት ዓመት ላይ ስደቱን ይጀምሩ። የራማ እንጀራ እናት የንግሥት ካይኬዪ ነገር ለልጆች ፈጽሞ አይከብድም። ንጉሡ ድሮ ሁለት ቃል ገብቶላት ነበር፤ ዛሬ ስጠኝ አለች፤ አንዱ ልጄ ይንገሥ፣ ሌላው ራማ አሥራ አራት ዓመት ወደ ጫካ ይሂድ። አባት ቃሉን ማጠፍ አይችልም፤ ልቡ ተሰብሮ ሞተ። «ቃል ገብተህ ነበር እኮ» እያለ የሚያድግ ልጅ ሁሉ ይህን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ራቫናንም ጭራቅ ብቻ አያድርጉት። ቬዳ የተማረ፣ ለሺቫ ያደረ ሊቅ ነበር። የአከራዬ የልጅ ልጅ ስለ ራቫና የጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ አሥር ራስ ይዞ በጎኑ እንዴት ይተኛል? አያቱ እስከ ዛሬ አልመለሱለትም ብዬ እገምታለሁ።

የሚያስለቅሰውን ለአሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ያቆዩ፤ ሲደርስ ግን አያለዝቡት። ኤካላቭያ የጫካ ሰዎች ልጅ ነው። የልዑላኑ የቀስት መምህር ድሮና አላስተምርህም አለው። በጭቃ የመምህሩን ምስል ሠርቶ ፊቱ ቀስት ለመደ፤ ከልዑሉ ከአርጁና በለጠ። ድሮና መጥቶ የመምህርነት ዋጋዬን ስጠኝ፣ የቀኝ አውራ ጣትህን አለው፤ ቆርጦ ሰጠ። ይህን ለልጅ ተርከው «ለመምህር መታዘዝ መልካም ነው» ብለው እንዳይደመድሙ እለምንዎታለሁ። መምህር ስለሆኑ ፈተናው ይገባኛል። ልጁ በድሮና ይቆጣ፤ ቁጣው ትክክል ነው፤ ዝም ብለው ያዳምጡት።

የእነ ቢማን ሚስት ድራውፓዲንም እንዲሁ። ስለ ልብሱ መገፈፍ በአንድ ቃል ይለፉ፤ በጥያቄዋ ላይ ግን ይቆዩ። ባሏ በቁማር መንግሥቱን፣ ወንድሞቹን፣ ራሱን፣ በመጨረሻም እርሷን አስያዘና ተሸነፈ። እርሷ በጉባኤው ፊት የጠየቀችው፦ መጀመሪያ የተሸነፈው ራሱን ነው ወይስ እኔን? ራሱን ከተሸነፈ በኋላ የራሱ ያልሆነ ሰው እኔን በምን ሥልጣን አስያዘኝ? አዳራሹ ሙሉ ሽማግሌ ነበር። ታላቁ ሽማግሌ ቢሽማ እንኳ «ዳርማ (የጽድቅ ሕግ) ረቂቅ ነው» ብሎ ሸሸ። የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅ ይህን ስትሰማ ፊቷን ይመልከቱ።

ሲታ ግን ትከብዳለች። ብዙ ተራኪዎች ራማና ሲታ ወደ አዮድያ ተመልሰው ከተማው በመብራት ሲያሸበርቅ ያቆማሉ፤ ቱልሲዳስም የሲታን ወደ ጫካ መባረር ሳይተርክ ነው ያለፈው። እርስዎም እዚያ ቢያቆሙ ታሪክ አልቆረጡም። የቀረውን፣ መንታ ልጆቿ ሳያውቁት በአባታቸው ፊት ታሪኩን እንደዘመሩና መሬት ተከፍታ እርሷን እንደተቀበለቻት፣ ልጆቹ ሲያድጉ ይጠይቃሉ።

ትንሹ ያለቀሰው በየትኛው ነው? አልጻፉልኝም። በጃታዩ፣ ሲታን ለማዳን ታግሎ ክንፉ በተቆረጠው አሮጌ አሞራ ከሆነ፣ ተዉት፣ ያልቅስ። አንድ የቴሉጉ አያቶች ብልሃት ልጨምርልዎ። ልጁ ታሪክ ሲሰማ በየዓረፍተ ነገሩ «ኡ» ማለት አለበት። «ኡ» ካላለ አያት አይቀጥሉም። እኛ «ተረት ተረት» ስንባል «የላም በረት» የምንለው መግቢያው ላይ ነው፤ እነርሱ እስከ መጨረሻው ይዘልቁታል። ስለዚህ ተራኪው የልጁን ድምፅ እየሰማ ይሄዳል። «ኡ» ሲቀጥን ፈርቷል ማለት ነው፤ ወደ ዝሆኑ ይመለሱ። ሲቆም ተኝቷል፤ ኩራዙን ያጥፉ።

ልጆች ይህን ሁሉ በካርቱን ያዩታል። መተረክ ለምን ያስፈልጋል?
አባት፣ ከአቡ ዳቢ

ስክሪን ጠላት ነው ብዬ አላስብም። እ.ኤ.አ. በ1987 የሕንድ ቴሌቪዥን ራማያናን እሑድ ጠዋት ማሳየት ሲጀምር መንገዶች ጭር ይሉ ነበር፤ ቴሌቪዥኑን አበባ አልብሰው ገላቸውን ታጥበው የሚቀመጡ ቤተሰቦች ነበሩ። በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ያው ፊልም እንደገና ሲታይ አዲሶቹም ልጆች ተቀመጡ። ልዩነቱ ያኔ አያቱም፣ አባቱም፣ ጎረቤቱም በአንድ ክፍል መሆናቸው ነው፤ ልጁ «ይህ ማነው?» ሲል አምስት ሰው ይመልስለታል። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ብቻውን የሚያይ ልጅ የሚጠይቀው ሰው የለውም። ካርቱኑን አይከልክሉ፤ አጠገቡ ይቀመጡና እርስዎ ይጠይቁት። ልጅ የሚያውቀውን ለአባቱ ማስረዳት ይወዳል።

ጎረቤቶቻችን ቴሉጉ ናቸው። በመስከረም መጨረሻ ልጃቸው ልጄን «አሻንጉሊቶቻችንን ና እይ» ብሎ ጋበዘው። ቤታቸው ውስጥ ደረጃ ሠርተው አሻንጉሊት ይደረድራሉ አሉ። ይሂድ? ጸልይ ይሉታል? ምን ይዞ ይሂድ?
ከአዲስ አበባ

ይሂድ። ቦምማላ ኮሉቩ ይባላል፤ በናቫራትሪ በዓል ዘጠኝ ሌሊቶች ይደረጋል። ደረጃዎቹ ጎደሎ ቁጥር ናቸው፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ወይም ዘጠኝ። ከላይ አማልክቱ፣ ከሥር የራማያናና የክሪሽና ታሪኮች፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ገበያ፣ ሠርግ፣ መኪና፣ አንዳንዴ የክሪኬት ቡድን ሳይቀር ይደረደራል። የቤቱ ልጅ እያንዳንዱን እያሳየ ይተርካል፤ እንግዳ ልጅ ማዳመጥ ብቻ ይጠበቅበታል። ጸልይ የሚለው አይኖርም፤ ከፈለገ ይዘምር፣ ከፈለገ አይዘምር። ሙዝ ወይም አበባ ይዞ ይሂድ፤ ሥጋና እንቁላል ያለበት ነገር፣ ኬክም ጭምር፣ እንዳይሆን። ሲመለስ በቅጠል ወይም በትንሽ ሳሕን የተቀቀለ ሽንብራ ከኮኮናት ጋር ይሰጡታል። ሽንብራው ብዙ ጊዜ በዘይት ነው የሚሠራው፤ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ግን ቅቤ እንዳለበትና እንደሌለበት እናትየዋን ጠይቂያት።